ግድግዳችን ላይ የነበሩት ካውቦዮች

ባለፈው ሳምንት፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ፣ ዓይን ሐኪሜ ዘንድ ወረፋዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ የድሮ የካውቦይ ፊልም ያሳይ ነበር። ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ጨምረውብኝ ስለነበር ሰዉን ከፈረሱ ለመለየት እንኳ ያታግለኛል። ቢሆንም አንድ ጥቁርና ነጭ ጥላ ከኮርቻ ሲወርድ፣ መሬት ከረገጠ በኋላ ፈረሱን ለአፍታ ደገፍ ሲል አየሁና ማን እንደሆነ አወቅሁት። ፊቱን አላየሁም፤ አወራረዱ በቃኝ። "ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ከስልኳ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። የዚህ ሰው ፎቶግራፍ፣ በገዛ እጁ የፈረመበት፣ ቤቴ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ምን ብዬ ልንገራት? ነርሷ ስሜን እንደ ልማዳቸው ሰባብራ ጠራችኝና ገባሁ። ሐኪሙ መሣሪያውን ዓይኔ ላይ ደቅኖ ብዙ ካየ በኋላ የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ለማቆየት እንደምንሞክር ነገረኝ። እሺ አልኩት። በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሐሳቤ ከዓይኔ ጋር አልነበረም። ከተስፋሚካኤል ጋር ነበር።

ተስፌን ያገኘሁት ዴንቨር በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ የአንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ትኬት ቆራጭ ሆነን ተቀጥረን ነበር። ሥራው ጠባብ ቡዝ ውስጥ ተቀምጦ መስኮት መክፈትና መዝጋት ነው፤ እግራችን ሥር አንዲት ትንሽ ማሞቂያ አለች፣ ቁርጭምጭሚታችንን ትጠብሳለች፣ ጉልበታችን ግን በረዶ እንደሆነ ይውላል። ቤተ ክርስቲያን ከሰጠን ልብስ መካከል ለእኔ የደረሰኝ ካፖርት የትከሻው ስፋት ሁለት እኔን፣ ሁለት ጌታቸውን የሚያስገባ ነበር። ለተስፌ የደረሰው ደግሞ እጅጌው ከክርኑ ብዙም የማያልፍ ቡናማ ኮት ነው፣ ምክንያቱም ሰውዬው ረጅም ነው። "ብንቀያየር ይሻላል" አለኝ ገና ስሜን ሳይጠይቀኝ። ተቀያየርን። በቀየርነው ኮት ክረምቱን አሳለፍነው፤ ከዚያም የኮልፋክስን ጎዳና ተሻግሮ ካፒቶል ሂል ያለ አሮጌ ሕንፃ ላይ አንድ ክፍል አብረን ተከራየን። የቧንቧው ጩኸት ከጎረቤት ውሻ ጩኸት የማይለይ ቤት ነበር፤ ኪራዩ ግን በአንድ ሳምንት ደመወዝ የሚሸፈን ነው። ዛሬ ያ ክፍል ለብቻው የወር ደመወዝ ይበላል አሉ። ጋራዡም ፈርሶ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞበታል፤ ከሥሩ ባለው አዲስ ፓርኪንግ ትኬቱን የሚሰጠው ማሽን ነው፣ ማሽኑ ደግሞ ኮት አይቀያየርም።

ተስፌ የአስመራ ልጅ ነው። ትምህርቱን በአማርኛ ስለተማረ ሰዋስው ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር፤ ስጽፍ "ይሄ ሀ አይደለም፣ ሐመሩ ሐ ነው" እያለ ያርመኛል። በልጅነቱ አሜሪካኖቹ ከተማዋ ውስጥ ጦር ሠፈር ነበራቸውና የራሳቸውን ቴሌቪዥን ያሠራጩ ነበር። እዚያ ምግብ አብሳይ የነበረ አንድ ጎረቤታቸው አሮጌ ቴሌቪዥን ስለሰጡት የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ግቢው ውስጥ ይታጎራል። የሚያዩት ካውቦይ ነው። ንግግሩን ለልጆቹ የሚተረጉመው ተስፌ ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን አንድ ቃል አያውቅም ነበር። "ሸሪፉ ለባንዲቱ ምን አለው?" ሲሉት "እናትህን ስለማውቃት ነው ያልገደልኩህ አለው" ይላል። ዓመታት አልፈው ካፒቶል ሂል ውስጥ ያንኑ ፊልም ድጋሚ ስናይ፣ ሸሪፉ ያለው "ሽጉጥህን አስቀምጥ" ብቻ መሆኑን ሲሰማ በጣም አዘነ። "የእኔ ይሻል ነበር" አለ። እውነቱን ነው፣ የእሱ ይሻል ነበር። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ የርካሹ ወንበር ደንበኛ ሆኜ ያደግሁ ነኝና፣ "አክተር አይሞትም" እየተባባልን ከሲኒማ ቤት የምንወጣበትን ዘመን አጫውተው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ስንወጣ ከደብረ ሊባኖስ እንደመጣ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ጸጥ ብለን እንቀመጣለን።

ፊርማ መሰብሰብ የጀመርነው አስበንበት አይደለም። በየጥር ወር ወደ ኮሜርስ ሲቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የከብትና የፈረስ ትርኢት ይደረጋል፤ ያን ሰሞን ዳውንታውን በባርኔጣ ይሞላል፣ የቡትስ ጫማ ኮቴ ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ ፈረስ የሚያልፍ ይመስላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መኪናቸውን መውጫው ላይ አቁመው ኪሳቸውን ይፈትሹ ጀመር፤ ትኬታቸው ጠፍቶባቸዋል። ተስፌ ከቡዙ ወጥቶ ሊያነጋግራቸው ጎንበስ አለና እንደ ቆመ ቀረ።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ጋሪ ይነዱ አልነበረም?" አላቸው።

በአንድ ተከታታይ ፊልም ላይ የመንገደኛ ጋሪ የሚነዳ ሰው ነበር። እንግዳውን ወደ ከተማዋ ያመጣል፣ ሻንጣ ያወርዳል፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ይሄዳል። አይተኩስም፣ አይሞትም፣ ሁለት ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። እኔ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ተስፌን ቀና ብለው አዩት። "አንተ ከየት ነህ?"

"ከአስመራ። ቀይ ባሕር አጠገብ ነው።"

"እዚያ ድረስ እኔን አይታችሁኛል?"

"በየሳምንቱ" አለ ተስፌ። "አቧራው እስኪጠፋ ድረስ በዓይናችን እንሸኝዎ ነበር።"

ሽማግሌው የመኪናቸውን ሞተር አጠፉ። ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ያደርጋል፣ እሳቸው ግን አልሰሙም። ወርደው የመኪናቸውን ኋላ ከፈቱ፤ ውስጡ በጋሪው ላይ ሆነው የተነሱት ፎቶግራፍ በካርቶን ሙሉ ተደርድሯል። ትርኢቱ ላይ ጠረጴዛ ተሰጥቷቸው ሲፈርሙ ለመዋል ነበር የመጡት፤ ከፊታቸው ቆሞ የጠየቃቸው ሰው ግን ጥቂት ነው። ስማችንን ጠየቁን። ነገርናቸው። ደጋግመን ነገርናቸው። በመጨረሻ መኪናው ላይ ተደግፈው "ለጌታቾና ለማይክ" ብለው ጻፉና ፈረሙ። ተስፋሚካኤል ከዚያ ቀን ጀምሮ ለፎቶግራፍ ማይክ ሆነ። ክፍላችን ስንገባ ፎቶውን ከአልጋው ራስጌ ሰቀለው፤ እኔም ተቃወምኩ፣ መካከል ላይ ይሁን ብዬ።

ከዚያ በኋላማ ሱስ ሆነብን። ተስፌ በዚያ ባማረ እጁ ለተዋንያኑ ይጽፋል፣ እኔ ቴምብር እለጥፋለሁ፣ የመልስ ፖስታም ከውስጥ እናስገባለን። መልሱ አንዳንዴ ከርሞ ይመጣል። ፖስታ ሳጥኑን የሚከፍተው ቀድሞ ከሥራ የገባው ነው፣ ፖስታውን ግን ሌላው ሳይመጣ መክፈት ነውር ነበር። ፊርማው የታተመ ከሆነ ወደ መስኮቱ አዘንብለን ስናየው አያብረቀርቅም፤ ያን ጊዜ ተስፌ "ጸሐፊው ነው ያተመበት፣ ሰውዬው ታሟል ማለት ነው" ብሎ ያዝንለታል እንጂ አይቀየምም። በሆቴል አዳራሽ የካውቦይ አክተሮች ይመጣሉ ሲባል የዕረፍት ቀናችንን ቀይረን እንሄዳለን። ተስፌ ከኮልፋክስ አሮጌ ልብስ ቤት የገዛውን፣ ቁልፉ የዕንቁ ቅርፊት የሚመስል ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ ሲሰለፍ የሠርግ ሚዜ ይመስል ነበር። ትናንት ፈረስ ሲያስጋልቡ ያየናቸው ሰዎች ዛሬ በምርኩዝ ከወንበራቸው ይነሳሉ። እኛም "ለሁለታችንም በአንድ ላይ ይጻፉልን" እንላለን። ወረቀት ለመቆጠብ አልነበረም፤ ቤታችን አንድ ስለነበረ ነው። ግድግዳው ሞልቶ ወደ ኮርኒሱ ሲጠጋ፣ አንድ ጊዜ ቤት ሊባርኩ የመጡ ቄስ ጸበላቸውን ይዘው ዙሪያውን ካዩ በኋላ "እነዚህ ሁሉ የየት አገር ሰማዕታት ናቸው ልጆቼ?" ብለውን ነበር። ተስፌ ሳይስቅ "የምዕራብ ናቸው አባቴ" አላቸው።

ተስፌ አግብቶ ወደ አውሮራ ሲዛወር ፎቶዎቹ እኔ ዘንድ ቀሩ። ባለቤቱ ለተብርሃን ጥሩ ሴት ናት፤ "ባልሽን ውሰጂ፣ ካውቦዮቹን ግን ተይልኝ" ብያት ስቃለች። ልጃቸው ሊያ ስትወለድ ክርስትናዋ ላይ ቆሜያለሁ። ቅዳሜ ግን ቅዳሜ ነበር። ያኔ የሚነዳውን ታክሲ ከሕንፃው ፊት ፓርክ አድርጎ ደረጃውን ሲወጣ በአረማመዱ አውቀዋለሁ።

ከዚያ አገራችን፣ አሁን ሁለት አገር ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተዋጋ። ስለምን እንደተዋጋ የሚያውቅ ይናገር። እኔ የማውቀው እዚህ የሆነውን ነው። አብሮ ይበላ የነበረ ሰው ምግብ ቤት ለየ። ታክሲ ተራ ላይ ሰልፉ አንድ ሆኖ ጨዋታው ሁለት ሆነ። እኔና ተስፌ ግን ወሬውን ደጅ ላይ አውልቀነው እንደምንገባ ጫማ ሳናነሳው ብዙ ቅዳሜ አሳለፍን። አንድ እሑድ ቀን መጣ። ቅዳሜ አለመምጣቱ ሲያሳስበኝ ነበርና ደስ ብሎኝ ከፈትኩ። አልተቀመጠም።

"የለተብርሃን ወንድም ግንባር ላይ ሞቷል" አለኝ። "ትናንት መርዶ ነገርናት።"

"እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ልምጣ እንጂ፣ አሁኑኑ ኮቴን ልያዝ።"

"አትምጣ ጌታቸው።" ግድግዳውን እንጂ እኔን አላየም። "ቤቱ ሰው ሞልቷል። እኔም ወደዚህ ስመጣ የት ነበርክ ይሉኛል። እሷ ምንም አትለኝም፤ የምታየኝ በዓይኗ ነው። እሱን አልችለውም።"

የእኔም የእህቴ ልጅ ከዚያው ግንባር ድምፁ ከጠፋ ከርሟል። ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ለእሱ ነገርኩት። ተስፌ ያን ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው፣ ፈረሶች ይሮጣሉ፣ ሁለታችንም አላጠፋነውም። ምናልባት አንደኛው ሌላኛውን ገድሎት ይሆናል፣ ምናልባትም ተያይተው አያውቁም፤ ሁለታችንም ይህንኑ ስናስብ እንደነበር አውቃለሁ።

"ፎቶዎቹስ?" አልኩት ሲነሳ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

"አንተ ጋ ይሁኑ" አለኝ። ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ቆሜ አዳመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ የተያየነው በሩቁ ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ እሱ በዚያኛው እኔ በዚህኛው ሐዲድ፤ ራሱን ዝቅ ያደርግልኛል፣ ዝቅ አደርግለታለሁ፣ ባቡሩ መጥቶ ይጋርደናል። እኔ መሰብሰቡን አልተውኩም። ምን ልሥራ? ትዳር አልቀናኝም፣ ቅዳሜ ደግሞ በየሳምንቱ ይመጣል። አንድ ጊዜ ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ በተደረገ ዝግጅት ላይ ባለ ጋሪው ይመጣሉ ሲባል ተስፌም አይቀርም ብዬ ከጠዋት ጀምሬ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። አልመጣም። ሽማግሌው በጣም አርጅተዋል፤ ብዕሩን የምታስይዛቸው አንዲት ሴት አጠገባቸው አለች። ተራዬ ደርሶ ፊታቸው ስቆም ብዙ አዩኝ።

"የጋራዡ ሰው" አሉ። "ሁለት ነበራችሁ። ሌላኛውስ?"

"ሥራ ገብቶ ነው" አልኳቸው።

ሌላ ፎቶግራፍ ሳቡ፤ "ለማይክ" ብለው ብቻውን ጻፉለት። "ይሄን ስጠው" አሉኝ። ስማችን በወረቀት ላይ ተለያይቶ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። በዓመቱ ሞቱ፤ ጋዜጣው ላይ አንዲት ጠባብ ዓምድ ሰጧቸው።

ፎቶውን ለተስፌ የሰጠሁት ግን የሁለቱ አገሮች ዕርቅ ከመጣ በኋላ ነው። መሪዎቹ ሲተቃቀፉ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ሰው አባቱን ከዘመናት በኋላ ሲያገኝ ዓይተን እዚህ ያለነውም አለቀስን። እኔም ያኔ ወደ አውሮራ የሽማግሌዎች መኖሪያ ተዛውሬ ነበር፤ የተስፌ ቤት በአውቶቡስ ቅርቤ ነው። ደወልኩለት፤ "ና" አለኝ። ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ፎቶውን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ተስፌ ሸብቷል፣ ከብዷል፣ ታክሲውን ትቷል። ለተብርሃን ጉንጬን ሳመችኝ፣ ምግብ አቀረበች፣ አብራን አልተቀመጠችም። ስለ ስኳራችን፣ ስለ ጉልበታችን፣ ስለ ቤት ዋጋ አወራን። ከዚያ ፎቶውን ሰጠሁት፣ ባለ ጋሪው "ሁለት ነበራችሁ" ማለታቸውንም ነገርኩት። ረጅም ጊዜ አየው።

"ደግ ሰው ነበሩ" አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ከሪሞቱ አጠገብ አኖረው።

"ቅዳሜ ብቅ በል እንጂ። ሁሉም አለ፣ ሰብስቤ አስቀምጬዋለሁ።"

እንዲህ አለኝ፦ "ጌታቸው፣ አልተጣላንም እኮ። ይቅር ለመባባልም ጠብ ያስፈልጋል። እኔ ግን አንተን ሳይ የለተብርሃንን ወንድም አያለሁ። አንተም እኔን ስታይ የእህትህን ልጅ ነው የምታየው። ውሸት ነው በለኝ።"

ውሸት ነው ለማለት ፈልጌ ነበር። እሱን ያህል የሚያውቀኝ ሰው ስላልነበረ አልቻልኩም። በር ድረስ ሸኘኝ፣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ "አጆኻ" አለኝ፤ ይህ የትግርኛ አይዞህ ነው፣ ድሮ በረዶ ሲጥል የሚለኝ። ዕርቁም ብዙ አልቆየ፤ ሌላ ጦርነት መጣና ስልኩ ሁሉ እንደገና ዝም አለ። የተስፌን ሞት የሰማሁት ቤንዚን ማደያ ውስጥ ከሚሠራ ልጅ ነው፤ አርባው እንኳ አልፎ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፎቶዎቹን ወደሚገዛ ሱቅ ይዤ ሄጄ ነበር። ባለ ሱቁ ትሑት ሰው ነው፤ እያንዳንዱን በጥንቃቄ ካየ በኋላ "እነዚህን የሚፈልጓቸው ሰዎች ሞተዋል፤ ደግሞም ሁሉም ላይ የእናንተ ስም አለ" አለኝ። ስማችን ነው ዋጋውን ያጠፋው። ይዣቸው ተመለስኩ፣ ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው።

ሊያ የደወለችልኝ ለአባቷ ሙት ዓመት ስትዘጋጅ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፤ አማርኛዋ እንደምንም ነው፣ እሱም ቢሆን አባቷ ያስተማራት። "አንክል ጌታቸው" አለችኝ፣ "ስላይድሾው እየሠራሁ ነው። የዳዲ ያንግ ፎቶ የለንም። ከማሚ ሠርግ በፊት ናትንግ። የነበረው ሲሰደድ ሱዳን ጠፍቷል። አንተ ጋ ብዙ ፎቶ አለ አለችኝ ማሚ።"

"ሞልቷል፣ ነይ" አልኳት። ልቤ ዘለለ። ቅዳሜ ከሰዓት መጣች፤ ቁመቷ የእሱ ነው፣ በሬ ላይ ዝቅ ብላ ነው የገባችው። ሳጥኖቹን ሁሉ አወጣሁላት፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር። የእኔ ዓይን ስለማያደርሰኝ የምታነበው እሷ ናት። "ቱ ማይክ ኤንድ ጌታቾ" ትላለች። ታስቀምጣለች። "ቱ ማይክ ኤንድ ጌታቾ።" መጀመሪያ ስሙን ባየች ቁጥር ትስቅ ነበር። ኋላ መሳቁን ተወችው፣ እጇም ፈጠነ። ባርኔጣ፣ ፈረስ፣ ባጅ፣ ጺም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። የመጨረሻው ሳጥን ባዶ ሆነ።

"እሱ የለበትም" አለች።

"ደግመሽ እዪው እስቲ። ሆቴል የሄድን ጊዜ... ወይም ጋራዡ በር ላይ..."

"የለም አንክል። አንተም የለህም።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ካሜራ አልነበረንም። አዳራሹ ውስጥ ከአክተሩ ጎን ቆሞ ለመነሳት ለብቻው ይከፈል ነበርና ሁልጊዜ ፊርማውን እንመርጥ ነበር። "የራሳችንን ፊትማ እናውቀዋለን" ይል ነበር ተስፌ። ያንን ሁሉ ዓመት የማያውቁንን ሰዎች ፎቶግራፍ ስንሰበስብ፣ እኔና እሱ አብረን የተነሳነው አንድም የለም።

ሊያ አልተቆጣችም። ፎቶዎቹን ወደ ሳጥኖቻቸው መለሰች፣ ጉልበቷን አቅፋ ምንጣፉ ላይ ትንሽ ተቀመጠች።

"ታዲያ ምን ይመስል ነበር?" አለችኝ። "ያንግ ሲሆን። ንገረኝ፣ አይ ዊል ሊስን።"

አፌን ከፈትኩ። የዕንቁ ቁልፍ ያለው ሸሚዙ መጣልኝ። አጭሩ ኮት መጣልኝ፣ ደረጃው ላይ ያለው ኮቴ መጣልኝ። ፊቱን ስፈልግ ግን ያገኘሁት ያንን ሶፋ ላይ የተቀመጠውን የሸበተ፣ የከበደ፣ በትሕትና ያስተናገደኝን ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓይኔን ጨፍኜም ፈለግሁት። ልጅቷ ትጠብቃለች።

"ረጅም ነበር" አልኳት።

እሱንማ እሷም ታውቀዋለች።